ከመቅደሱ ውጭ ባለው ሣር ላይ

ሳንፒት ሸለቆ፣ ዩታ
ማርች 3፣ 1988

ለልጄ ለራዲን፣

ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። እንጨቴን እኔው እፈልጣለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፤ ብቆረጥም ደሙ የራሴ ነው። ትራክተሩን እስከ ቦዩ ድረስ እነዳለሁ፤ ከቦዩ ወዲያ ያለውን ዓይኔ አይለየውም፣ ትራክተሩ ግን መንገዱን ያውቃል። የውኃ ተራዬ ሲደርስ የቦዩን መዝጊያ ማንንም ሳልጠራ በገዛ ትከሻዬ አነሣለሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ልብስ ማጠብም ለምጃለሁ። ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኗል እንጂ ንጹሕ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ «ማን ያይዎታል?» ብለሽ ስለጠየቅሽ ነው። ማንም አያየኝም። የማየው እኔ ነኝ።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ደብዳቤ የእናትሽ ሥራ ነበር፤ እኔ ከታች ስሜን ብቻ ነበር የማስቀምጠው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ያውም አጨዳ በደረሰ ቁጥር አባቴ በጆሮዬ እየጎተተ ያስወጣኝ ነበር። እንግዲህ እንደምናገረው እጽፋለሁ፣ አንቺም እንደምትሰሚኝ አንብቢው።

ሰበካው እንደ ሕፃን ይይዝዎታል ወይ ላልሽው፣ መጀመሪያ ተናድጄ ደብዳቤሽን ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጬው ነበር። አሁን በርዶልኛል። ማክሰኞ ማክሰኞ የሴቶች ማኅበር ምግብ ያመጣልኛል። አምጡልኝ አላልኩም። የምታመጣው እህት ኦቶሰን ናት፤ ዘጠና ሊሞላት ምንም አልቀራት። ድንች በአይብ የሞላ ሳህን በሁለት እጇ ታቅፋ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ትመጣለች። «ቬርል፣ እስክትጨርስ ከዚህ አልነቃነቅም» ትላለች። በልቼ ስጨርስ ደግሞ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዤ እስከ ቤቷ አደርሳታለሁ። ሕፃኑ ማን እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጅሽ ሻርላ እሑድ መጥታ ነበር፣ ያን የአልረዶችን ልጅ ብሬንትን ይዛ። ጁን ውስጥ በማንቲ ቤተ መቅደስ ሊጋቡ ቆርጠዋል። ለአንቺም እንደነገረችሽ ነገረችኝ። ምን እንዳልሻት ስጠይቃት ግን ጫማዋን ታይ ጀመር። በእሷ ወገን ምስክር እንድሆንላት ለመነችኝ። ያለ ፈቃድ ወደ ውስጥ የሚገባ እንደሌለ ታውቂያለሽ። የእኔ ፈቃድ እናትሽ ታማ ሳለች ጊዜው አልፎበታል፣ ስለዚህ የሰበካው መሪ ቢሾፑ ፊት ቀርቤ ጥያቄ መመለስ አለብኝ። ቢሾፑ ክሬግ አልረድ ነው። አዎ፣ ያው ክሬግ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምረው አውራ ጣቴን የነከሰኝ። ለብሬንት አጎቱ ነው። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ የተማሪዎቹን አውቶቡስ ይነዳል፣ እሑድ ደግሞ እኛን።

ስለ አንቺም የምለው ነበረኝ። ወረቀቱ አለቀ።

አባትሽ
ቬርል ሚኬልሰን


ሲያትል
ማርች 12፣ 1988

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። «ወረቀቱ አለቀ» ያሉት እኔ ዘንድ አይሠራም፤ ጀርባው ባዶ ነበር።

ሻርላ ምን እንዳልኳት ካልነገረችዎ እኔ ልንገርዎ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ብቻዬን ነው ያሳደግኋት፣ አባባ። ሞርሞንነቱን ትቼ ከሸለቆው ስወጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ለትምህርት ብላ ወደዚያ ተመለሰችና እኔ ያወለቅኩትን ሁሉ አንሥታ ለበሰችው። ምርጫው የእሷ ነው፣ አልተጣላኋትም። ነገር ግን ልጄ ግድግዳው ውስጥ ስትዳር እኔ ውጭ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን ልመለከት ነው። አጥፍተሻል የሚለኝም የለም። «ጊዜው ሲደርስ ትገቢያለሽ» ነው የሚሉኝ፣ ልክ ለሕፃን «ስታድጊ» እንደሚባለው። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መቼ ነው የማድገው?

እርስዎስ? ድርቁን፣ ውርጩን፣ የእማማን ሕመም ተሸክመው ያለፉ ሰው፣ አንድ የአውቶቡስ ነጂ ፊት ቁጭ ብለው «ቡና ጠጥተዋል? አሥራትዎን አውጥተዋል? ታማኝ ሰው ነዎት?» ሊባሉ ነው። ምን እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚጾም፣ ከሸሚዙ ሥር ምን እንደሚለብስ ሳይቀር ሌላ ሰው የሚወስንለትን እኔ አዋቂ አልለውም። እኔ ጠዋት ጠዋት ቡናዬን እጠጣለሁ። ሰማዩ አልወደቀም።

ደግሞም አይለቁም። ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ፤ በሦስቱም ክራባት ያሰሩ ሁለት ወጣት ሰባኪዎች ኬክ ይዘው በሬን አንኳኩተዋል። አድራሻዬን ማን እንደሚነግራቸው እጠረጥራለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፣ በአየር ጠባይ አያሳብቡ። ይገባሉ ወይስ አይገቡም?

ልጅዎ
ራዲን


ሳንፒት ሸለቆ
ኤፕሪል 10፣ 1988

ራዲን ልጄ፣

በረዶው ቀለጠ። በአየር ጠባይ አታሳብብ እንዳልሽ አውቃለሁ፤ ግን ቀልጧል።

አልገባም። ጉልበቴ የመቅደሱን ደረጃ አይችለውም። ለሻርላም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። ሌላ ምስክር ይፈልጉ፤ አልረዶች እንደሆነ እንደ ተርኪ ዶሮ ጫጩት ነው የሚፈለፈሉት፣ ሰው አያጡም። ከክሬግ ጋር የተነጋገርነው አጭር ነበር። የሚጻፍ ነገር የለውም።

አድራሻሽን የምትሰጠው እናትሽ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ማን እንደሚሰጥ አትጠይቂኝ።

ስለ ሕፃንነቱ ግን ሳልመልስልሽ አላልፍም። ልጅ የሚኖረው አባት ሲኖር ነው። እስቲ እዚህ አባቱ ማን ነው? ክሬግ? ክሬግ ደመወዝ የለውም። ጥቂት ዓመት አሠርተውት ያወርዱታል፣ ሌላ ይተካሉ። ከእሱ በፊት የነበረውን ቢሾፕ ሃርመን ላውሪትዘንን ታስታውሺዋለሽ? ያ ሲሄድ መሬቱን የሚንቀው የሚመስለው ሰውዬ? አሁን የት እንዳለ ልንገርሽ። እሑድ እሑድ ሕፃናት ክፍል ተመድቦ ብስኩት ያድላል፣ አፍንጫ ይጠርጋል። ትናንት እኔን ሲመረምረኝ የነበረ ሰው ዛሬ ትከሻው ላይ የሕፃን ትውከት ይዞ በአጠገቤ ያልፋል። ደግሞ እየዘመረ ነው። በእናንተ ሲያትል ሹም የነበረ ሰው ከወንበሩ ሲወርድ የሰው ልጅ አፍንጫ ሲጠርግ አይተሻል?

እዚህ ሁሉም እንደ ውኃው ተራ አለው። አንዱ ዘመን አንተ ታዝዛለህ፣ አንዱ ዘመን ትታዘዛለህ። ተራህን ስታሳልፍ ማሳህ ይደርቃል።

እናትሽ በመጨረሻዋ ሳምንት ራሷን ማዞር አቅቷት ሳለ፣ ሴቶቹ ተራ አውጥተው መጡ። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ «ሚስቴን የማጥብ እኔ ነኝ» አልኩ። የክሬግ ሚስት ናዲን፣ ያኔ ገና ሠላሳም አልሞላት፣ ቀና ብላ አይታኝ «ወንድም ሚኬልሰን፣ እርስዎ ውኃ ያሙቁ» አለችኝ። እንደ ትንሽ ልጅ አዘዘችኝ። እኔ ለወለደኝ አባቴ እንኳ በእሺታ የታዘዝኩ ሰው አይደለሁም። አሞቅሁ። ሲጨርሱ ገብቼ ሳያት እናትሽ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ እጇ ቅባት ተቀብቶ፣ የሙሽርነቷን ጊዜ መስላ ተኝታለች። አንቺ ከአውሮፕላን ወርደሽ ስትደርሺ ያገኘሻት እንደዚያ ሆና ነው። ማን እንዳሰማመራት አልጠየቅሽም፣ እኔም አልነገርኩሽም። አሁን ነገርኩሽ።

ሣሩ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ ብለሽ አትዘኚ። ጉልበቴ ለሣር ይበቃል።

አባትሽ
ቬርል ሚኬልሰን


ሲያትል
ኤፕሪል 24፣ 1988

አባባ፣

ስለ እማማ ፀጉር የጻፉትን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለሱ ዛሬ መናገር አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ጉልበትዎ ግን እችላለሁ። ባለፈው ወር ጣሪያ ላይ ወጥተው የጭስ መውጫውን ሲጠርጉ ሻርላ መሰላሉን ይዛልዎት ነበር። ትናንት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ክሬግ እየጠየቀዎት ሳለ መሃል ላይ ብድግ ብለው ኮፍያዎን ደፍተው ወጡ አሉ። ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ ቢያንኳኳ አልከፈቱለትም አሉ። በቢሾፕ ክፍል የተባለ እዚያው ስለሚቀር ክሬግ ለማንም አልተናገረም፤ ኮፍያዎን ደፍተው ሲወጡ አይታ ለሻርላ የነገረቻት ናዲን ናት።

ለእኔ ግን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ በሃያ ዓመቴ ተጠይቄያቸዋለሁ። አንደኛው «ትምህርታቸው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ከሚቃረን ሰዎች ጋር ይተባበራሉ ወይስ ይደግፋሉ?» ይላል። እርስዎ ደግሞ ተርኪ እንኳ ሲሸጡ የታመመችውን ለይተው የሚያሳዩ ሰው ነዎት። «አዎ፣ ልጄን» ብለው ተነሡ። አይደለም?

ታዲያ ይሄው ነው እኔ ያልኩት! የሰማንያ ሁለት ዓመት ሰው ልጁን ስለወደደ ጥግ ሲያቆሙት። ዛሬ ጠዋት ለክሬግ ደብዳቤ ልኬለታለሁ። የጻፍኩትን አልነግርዎትም፣ «ነካሽ» የሚል ቃል ግን አለበት።

አባባ፣ ሻርላ ከእናቷ ወገን አንድ ሰው ሳይቆምላት ልትዳር ነው። ይመለሱና «ልጄ አይደለችም» ይበሉት። አንድ ቀን ብቻ። እኔ ቅር አይለኝም።

ራዲን


ሳንፒት ሸለቆ
ሜይ 9፣ 1988

ራዲን፣

«ልጄ አይደለችም ይበሉት» ያልሽበትን ገጽ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በእጅሽ እንዳይጻፍ። የቀረውን ይቅር ብዬሻለሁ።

ጉልበቴን በተመለከተ ጣሪያና መቅደስ ልዩ ልዩ ደረጃ ነው ያላቸው። ይህን እዚህ ላይ እንተወው።

ቅዳሜ ጠዋት የውኃ ተራዬ ነበር። ውኃው እየገባ ሳለ ሰው መዝጊያውን ትቶ አይሄድም፣ ያንን ክሬግም ያውቃል። የጎማ ቦቲውን አድርጎ በአልፋልፋው መሃል እየተንቧቸ መጣ።

«ወንድም ሚኬልሰን፣ ዛሬ እንኳ የሚዘጉብኝ በር የለም» አለኝ።

«አካፋ አለ» አልኩት።

«ራዲን ጻፈችልኝ።»

«ሰምቻለሁ። ነካሽ ብላሃለች።»

«ሦስት ቦታ» አለ። «ከደብዳቤዋ ነው ለምን እንደወጡ የገባኝ። እኔ እኮ ያስቀየምኩዎት ነገር ያለ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

«ከሚቃረኑት ጋር ትተባበራለህ ወይ አልከኝ። አዎ፣ ከልጄ ጋር አልኩህ። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ?»

«የእኔ መልስ ቀረ! አፌን ሳልከፍት ኮፍያዎን ደፍተው ሄዱ!»

«የምትለውን አውቀዋለሁ።»

«አያውቁትም» አለና ጭቃው ውስጥ ቆሞ ሳቀ። «ጥያቄው ስለ ራዲን አይደለም። ከተራራው ወዲያ ለብቻቸው ሰፍረው አራት አምስት ሚስት ስለሚያገቡት ሰዎች ነው። እነሱን ይደግፋሉ ወይ ማለት ነው። አምስት ሚስት አለዎት እንዴ?»

«አንዷንም በስንት ልመና!» አልኩት።

«ልጁ ከቤተ ክርስቲያን የቀረችበት ሰው ሁሉ ቢከለከል፣ በዚህ ሸለቆ መቅደስ የሚገባ ጽዳት ሠራተኛው ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ልጁ ኔቫዳ ቁማር ቤት ነው የሚሠራው።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «የእኔም ታናሽ ወንድም ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እወደዋለሁ። ማንም እንዳልወደው የነገረኝ የለም። ቢነግረኝም እነክሰዋለሁ።»

ልጄ፣ እኔ ያን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ስመልሰው ኖሬያለሁ። ከሄድሽ ወዲህ ግን ሲጠይቁኝ ዓይኔ ላይ የምትመጪው አንቺ ነበርሽ። እናትሽ በሕይወት ሳለች ከጎኔ ስለምትሆን «የለም» ብላ ለሁለታችንም ትመልስ ነበር። ዘንድሮ ብቻዬን ገብቼ አፌ እምቢ አለኝ።

የቀሩትን ጥያቄዎች እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆመን ጨረስናቸው። ቡና ላይ ስንደርስ «አልጠጣሁም፤ ሽታውን ግን እወደዋለሁ» አልኩት። «ሽታ አልተከለከለም» አለኝ። ፈረመልኝ። የበላዩም ፈርሟል።

እንግዲህ የከፋው አሁን ነው የመጣው። በሩ ሲዘጋብኝ ቀላል ነበር። ከአንቺ ጋር ሣሩ ላይ ቁጭ እላለሁ ብዬ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ለእኔ ተከፈተ፣ ለአንቺ አልተከፈተም። ብገባ አንቺን ትቼ ነው፣ ብቀር ያቺን ልጅ ትቼ ነው። ደንቡ ለእናት ይከብዳል። ይህን ለክሬግም በፊቱ ነግሬዋለሁ። «አውቃለሁ» አለ። ሰበብ ሳይደረድር አውቃለሁ የሚል ሰው ደስ ይለኛል።

ምክር አልጠየቅሁሽም። እንድታውቂው ብዬ ነው።

አባትሽ
ቬርል ሚኬልሰን


ሲያትል
ሜይ 20፣ 1988

አባባ፣

አምስቱን ሚስቶች ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። እየሳቅሁ ነበር የጀመርኩት፤ «አፌ እምቢ አለኝ» ያሉት ላይ ስደርስ ማንበቡን ሌላ ሰው ጨረሰልኝ።

ይግቡ። ምክር አልጠየቁኝም፣ እኔም አልመክርም፤ ልመና ነው። እርስዎ ከእኔ ጋር ውጭ ቢቀመጡ ሁለታችንን ደስ ይለናል። ሻርላ ግን ቀና ስትል የምታየው ወንበር ሁሉ የአልረዶች ይሆናል። እኔ አዋቂ ነኝ። ብቻዬን መቀመጥ እችላለሁ። ይህን ያህል የተከራከርኩዎት ይህንኑ ለማለት አልነበረም?

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ሲወጡ «የተቀደሰ ነው፣ አይወራም» ብለው አፍዎን እንዳይዘጉብኝ። እዚያ የሚባለውን ቃል አልጠይቅም፣ ለሕጉ እርስዎ እንደሚያድሩ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ልጄ ምን ትመስል እንደነበር ብቻ ይንገሩኝ። እናት ነኝና ይገባኛል።

ራዲን


ሲያትል
ጁን 21፣ 1988

አባባ፣

ሳልሰናበትዎ በመሄዴ ይቅርታ። ከምሳው በኋላ አንድ ደቂቃ ብቆይ ኖሮ ማልቀሴ ነበር፣ እነዚያ ሰዎች ፊት ማልቀስ ደግሞ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ውስጥ ስለነበሩ አላዩም።

እናንተ ከገባችሁ በኋላ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ሥራ ያላት ሴት ለመምሰል መጽሐፍ ይዤ ነበር። ገጽ አልገለጥኩም። ወዲያው ክሬግ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ከበሩ ወደ ኋላ ሲመለስ አየሁት። መኪና ውስጥ የረሳው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። መጥቶ አጠገቤ ሣሩ ላይ ዘጭ አለ።

«የወንድምህ ልጅ እኮ ነው የሚዳረው! ግባ እንጂ!» አልኩት።

«ውስጥ ይሞቃል።»

«ቢሾፕ ይዋሻል?»

«ይነክሳልም» አለኝ።

ከዚያ ናዲን ብርድ ልብስ ይዛ መጣች፣ ልብሴ በሣሩ እንዳይነካ። ከዚያ እህት ኦቶሰን፣ በምርኩዟ፣ ያን ሁሉ ዳገት። «አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ቀምሰሻል?» አለችኝ። አልቀመስኩም አልኳት። ዞር ብላ «ሃርመን!» ብላ ስትጣራ፣ ያ ኩሩ ላውሪትዘን ከኮቱ ኪስ የሕፃናት ክፍሉን ብስኩት አውጥቶ መዳፌ ላይ ቆጥሮ አኖረልኝ። ኦቶሰን «አንገትሽ ተቃጠለ» ብላ የራሷን ባርኔጣ አናቴ ላይ ደፋችው። አጭር ስለሆነች እኔ ጎንበስ አልኩላት። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አባባ፤ ጎንበስ አልኩላት።

ሁሉም ፈቃድ አላቸው። ሁሉም ተጠርተው ነበር። ኦቶሰን በሚቀጥለው ሠርግ ትኖር አትኖር እግዚአብሔር ያውቃል። ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል አላነሡም። ስለ ተርኪ ገበያ አወሩ። እማማ መዝሙር ላይ ከሁሉም ዘግይታ እንደምትጨርስና ሰበካው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃት እንደነበር አወሩ። ክሬግ ሱሪው በሣሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ናዲን ሰው ፊት ተቆጣችው።

ሐሳቤን አልለወጥኩም። አልመለስም፣ ቡናዬንም አልተውም። እናትን ውጭ የሚያስቀር ደንብ ልክ ነው ብሞትም አልልም። ሕፃን ያደርጉናል ያልኩትም አሁንም እላለሁ፤ ያን ቀን በደንብ አድርገው ሕፃን አደረጉኝ። የሚገርመኝ ሌላው ነው። በዚህ ከተማ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በልተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ነፃነት ብዬ የምጠራው ይህንን ነበር፤ አሁን ስሙ ምን እንደሆነ እንጃ።

እርስዎ ነዎት ያዘዟቸው? እውነቱን ይንገሩኝ። ደግሞ የጠየቅሁዎትን እስካሁን አልመለሱልኝም።

ራዲን


ሳንፒት ሸለቆ
ጁን 30፣ 1988

ራዲን ልጄ፣

አላዘዝኩም። እኔም ያየሁት ስወጣ ነው። ብቻሽን ተኮራምተሽ የማገኝሽ መስሎኝ፣ ከበሩ እስከምወጣ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ብቅ ስል ሣሩ ላይ ግማሽ ሰበካ ተቀምጧል፣ አንቺ መሃል ላይ የኦቶሰንን ባርኔጣ ደፍተሽ ብስኩት ታኝኪያለሽ። አጠገቤ የነበረው ሰው እንዳያየኝ ጫማዬን የማሥር መስዬ አጎነበስኩ።

በማግስቱ ክሬግን ያዝኩት። «ማን አዘዘህ?» አልኩት። ከላይ ትእዛዝ የመጣ መስሎኝ ነበር፣ እኛ ዘንድ ብዙ ነገር ከላይ ስለሚመጣ። «ማንም» አለኝ። «ማን እንደሚገባ የምወስነው እኔ አይደለሁም። እኔ የት እንደምቀመጥ ግን ማንም አይነግረኝም።» ይህን ያለው ያ ጣቴን የነከሰው ልጅ ነው። ሌሎቹም አልተማከሩም። እያንዳንዳቸው እሷ ብቻዋን ናት ብለው በየፊናቸው ወጡ፣ ሣሩ ላይ ሲገናኙ ተያይተው ተሳሳቁ። እኔ እነዚህን ሰዎች ሰማንያ ሁለት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ አሁንም ያስደንቁኛል። አንቺ ስሙን ካጣሽለት እኔም አልሰይምልሽም።

ስለ ሻርላ። እዚያ ውስጥ የተባለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ፊቷ ግን ምሥጢር አይደለም፤ ያንን ፊት ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ። «ቆንጆ ነበረች» ብዬ ጻፍኩ። ላሜንም ቆንጆ ናት እላለሁ። ቀደድኩት። «እናትሽን ትመስል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እሱም እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እሱ አይደለም። እንደገና ቀደድኩ። የእኔ ፊደል እዚያ ድረስ አይደርስም።

እንግዲህ ዕዳ ገብቻለሁ። ማንም እንዳይከፍልልኝ፣ አንቺም ከዚያ ምንም እንዳትልኪ። የራሴን እኔው እከፍላለሁ።

ለክሬግ፣ የወንድሙን ልጅ ጋብቻ ሳያይ ለቀረው፣ እስከ በጋው መጨረሻ የውኃ ተራውን እኔ እይዝለታለሁ። አይሆንም ይላል። መዝጊያው ላይ ቀድሜው እገኛለሁ።

ለኦቶሰን፣ የበሯ ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያ እሠራለሁ፣ ከደህና እንጨት፣ ክረምት ሳይገባ።

ለላውሪትዘን፣ ስሙን በከንቱ ስላነሣሁት፣ አንድ እሑድ ሕፃናቱን እኔ እጠብቅለታለሁ። ካለቀሱብኝ አብሬ አለቅሳለሁ።

ለናዲን፣ ውኃ አሙቅ ብላ ላዘዘችኝ፣ እስከ ዛሬ በአፌ አላመሰገንኳትም። ነገ ከቤቷ ሄጄ አመሰግናታለሁ። ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ።

ለአንቺ የልጅሽን ፊት። ይህ በብዕር አይከፈልም፤ አፍ ይፈልጋል፣ እጅ ይፈልጋል፣ ፊት ለፊት መቀመጥ ይፈልጋል። ሁለተኛው አልፋልፋ እንደታጨደ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ቤትሽን ረግጬው አላውቅም። ቲኬቱን እኔው ነኝ የምቆርጠው፣ ሻንጣዬንም እኔው እይዛለሁ። ሌላውን ዕዳ ብሞት ሰበካው ተከፋፍሎ ይከፍልልኛል፤ ይህን አንዱን ግን ከእኔ ሌላ የሚከፍል የለም፣ ያየሁት እኔ ነኝና።

አባትሽ
ቬርል ሚኬልሰን